በመዝገቤ የሞቱት አያ እንዳላማው

ገዳሪፍ፣ መስከረም ፳ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለወይዘሮ ያለምወርቅ፤

ሰላምታዬ ከዚህ አሸዋ ተነሥቶ ደጋውን ወጥቶ ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ያገኘሁትን እበላለሁ፤ ስለዚህ ደህና ነኝ።

በሰኔ ወደ ሱዳን ስንሻገር አሥራ አራት ነበርን፤ የገባነው ዘጠኝ ነን። ግራ እግሬን ጥይት ነክቶኝ ነበር። አሁን የአንድ ዐረብ ነጋዴ የሙጫ መጋዘን እጠብቃለሁ። ውሃው ጨው ጨው ይላል፤ ቋንቋቸውን አላውቅም፤ ቀኑን ሙሉ ከሙጫ ጋር ተፋጥጬ እውላለሁ።

አንድ ነገር ሰማሁ። ከደብረ ማርቆስ እዚህ ድረስ የሚመላለሰው ጨርቅ ነጋዴ አብዱልዋሂድ «ዘመድዎ ያለምወርቅ ደብረ ማርቆስ ለጣሊያን ጸሐፊ ሆናለች» አለኝ። ውሸት ከሆነ ይቅር በይኝ። እውነት ከሆነ ግን ይህን መልእክት ለባለቤቴ ለማንጠግቦሽ አድርሺልኝና ከዚያ ወዲያ እኔና አንቺ አንተዋወቅም።

መልእክቱ ይህ ነው። በሕይወት እንዳለሁ ንገሪያት። ልጆቹ እንዴት ናቸው? የደምበጫው እርሻ ታረሰ ወይስ ጦሙን አደረ?

እንዳላማው

*

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት ፳፰ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ ለአያ እንዳላማው፤

የደብረ ማርቆስ ታቦት ያሉበትን በረሃ ጥላ ያድርግልዎ። እንዴት ከረሙ? እንዴት ሰነበቱ? እግርዎስ? እኔ እጅግ በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በአቡጀዲ ጣቃ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው። የአብዱልዋሂድ ሚስት ሀጀራ ከሱቋ ጠርታኝ ክንድ ተኩል ለካችና «ቤትሽ ስትገቢ ፍቺው፤ መንገድ ላይ እንዳታደንቂው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ያውቁኛል፣ ሰው ሲነግረኝ አልሰማም፤ ከመቃብር ቤቱ ጥግ ቆሜ ፈታሁት። የእጅዎን ጽሑፍ ሳይ ደብዳቤውን መልሼ በአቡጀዲው ሸፈንኩት። ለምን እንደ ሆነ ኋላ እነግርዎታለሁ፤ መጀመሪያ ስለ ሥራዬ ይስሙኝ፣ ተቆጥተዋልና።

እውነት ነው፣ ከፍርድ ቤቱ በስተጀርባ ባለው በድሮው የእህል ጎተራ ውስጥ እሠራለሁ። ጣሊያኑ ሹም የሚቀመጠው ወዲያ ማዶ ነው፤ ጎተራው ውስጥ ያለው ግን አንድም የእሱ ነገር አይደለም። በራሶቹ ዘመን የተጻፈው የርስቱ፣ የኑዛዜው፣ የሙግቱ ወረቀት ነው፤ ከየደብሩ ወንጌል ኅዳግ ላይ የተቀዳውም አለበት። ጦር የገባ ሰሞን ወታደሮቹ እሳት ያያይዙበት ጀምረው ነበር። አለቃ ወልደ ሚካኤል የሚባሉ ሽማግሌ፣ አሁን የሥራ አለቃዬ ናቸው፣ በአቁማዳ እየሞሉ በእህል ስም አሸሹት። ሹሙ የመሬቱን ነገር ለማወቅ ሲፈልግ «የሚያነብ ሰው ካላገኘህ ወረቀቱ ዝም ይልሃል» አሉት። ለዚህ ነው እኔ የገባሁት። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርኩት ፈረንሳይኛ ሃያ ዓመት ዝጎ ተቀምጦ፣ ሹሙ ይሰማዋልና ይኸው ዳቦ አበላኝ።

ዳቦም አልኩ እንጂ ደሞዜ ለሽሮና ለሳሙና ይበቃል፤ ለቅቤ አይበቃም። ያውም ወር አልፎት ነው የሚሰጡኝ። ሀጀራ ሁልጊዜ ትስቅብኛለች። «የእኔን መርፌና ክር ብትሸጪ ይሻልሽ ነበር፤ አይጥ የበላውን ወረቀት ስትጠግኚ ልታረጂ ነው!» ትለኛለች። እኔ ግን አያ እንዳላማው፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ ጠዋት ስነሣ ወደ ሥራዬ የምሮጥ ሴት ሆኛለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደብሪቱ የምትባል ባልቴት ከመርጡለ ማርያም በእግሯ መጣች። የእህቷ ልጆች «መሬቱን እናታችን ናት የወረሰችው፣ ላንቺ ማንም አልሰጠሽም» ብለው ሊያስወጧት ነው። ሦስት ቀን ፈለግሁላት። በአራተኛው ቀን ከአንድ የተቀደደ ቅጂ ላይ የእናቷ ኑዛዜ ወጣ፤ «የወንዙን ዳር ለልጄ ለደብሪቱ፣ እስከ ዕለተ ሞቴ ጦራኛለችና» ይላል። አነበብኩላት። ወደ ወረቀቱ አጎነበሰች።

«የት ላይ ነው ‘ደብሪቱ’ የሚለው?» አለችኝ።

ጣቷን ይዤ ፊደሉ ላይ አስቀመጥኩላት። መሬቱን ረሳችው መሰለኝ። «እስቲ ‘ጦራኛለችና’ የሚለውን ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት። «አንድ ጊዜ ደግሞ።» ደገምኩላት። አለቃ ወልደ ሚካኤል ከወዲያ ሆነው «ሴትዮ፣ ወረቀቱ አለቀ እኮ!» ሲሉ «እርስዎ ምን አለብዎ፣ እናትዎ አመስግናዎት ይሆናል፤ እኔ ገና ዛሬ መመስገኔ ነው» አለቻቸው። ደሞዜ ይህ ነው፣ አያ። ቤቴ ስገባ «እንዴት ዋልሽ» የሚለኝ እንደሌለ ያውቃሉ፤ ባለቤቴ ካረፈ ስድስተኛ ዓመቱ ነው፣ ልጅም አልሰጠኝ። በጎተራው ውስጥ ግን ስንት ሰው ያናግረኛል መሰለዎ!

እንግዲህ የፈራሁትን ልንገርዎ። አያ እንዳላማው፣ እርስዎ ሞተዋል።

በሰኔ አሽከርዎ ደምለው ጋሻዎንና በቅሎዎን ይዞ ደምበጫ ገባና «ጌታዬ ወደቁ» አለ። ማንጠግቦሽ ጠጉሯን ላጨች። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ተዝካርዎ ወጣ፤ እኔም ሄጄ በልቻለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በጳጉሜን ማንጠግቦሽ ከነፍስ አባቷና ከሁለት ሽማግሌ ጋር ወደ እኔ መጣች። በዛሬው ሕግ አገር ጥሎ የወጣ ሰው ርስቱ ይወረሳል፤ የሞተ ሰው ግን ለልጆቹ ያልፋል። እኔም «ባላምባራስ እንዳላማው በሰኔ ወር ሞተው ርስታቸው ለሚስታቸውና ለሦስት ልጆቻቸው አልፏል» ብዬ በጥሩ ቀለም ጻፍኩ። እያለቀስኩ ነው የጻፍኩት። በሃምሳ ቀኑ የእርስዎ ደብዳቤ ደረሰኝ።

አሁን ምን ላድርግ? ሰውየው አሉ ብል ርስቱ ይወረሳል፤ ማንጠግቦሽና ሽማግሌዎቹ በሐሰት ይታሰራሉ። ለእሷ ብቻ በጆሮዋ ብነግራት፣ የምስለኔው ሰው በየሳምንቱ ደጇ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ደስታ ደግሞ ከሐዘን ይልቅ ፊት ላይ ያስታውቃል። ስለዚህ እስካሁን አልነገርኳትም። ይዘዙኝ።

ዘመድዎ ያለምወርቅ

*

ገዳሪፍ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለያለምወርቅ፤

ጤና ይስጥሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሰው የራሱን መርዶ ሲያነብ ምን የሚሆን ይመስልሻል? ይርበዋል። ተዝካሬን አሰብኩና ራበኝ።

ስንት ጋን ጠላ ተጠመቀ? የታረደው ቦራው በሬ ከሆነ ማንንም አልምርም። የሚስቴ ወንድም አለቀሰ? ቄሱ ስሜን በትክክል ጠሩት ወይስ እንደ ልማዳቸው ከሌላ ሙት ጋር ቀላቀሉኝ?

ቀልዱን ተዪው። ሰርዢው። ርስቱ ይወረስ፣ እኔ አገሬ ስገባ አስመልሰዋለሁ። ሚስቴ ግን በቁሜ ከል ልትለብስልኝ አይገባም። ዛሬውኑ ሄደሽ ንገሪያት።

ስለ ሥራሽ የጻፍሽውን አንብቤ ዝም ብያለሁ። ዝምታዬን እንደ ይቅርታ ቁጠሪው። በዚያ ጎተራሽ ውስጥ የአባቴ ስም ያለበት ነገር ካለ ደግሞ ቀድተሽ ላኪልኝ። እዚህ የአባቴን ስም የሚያውቅ ሰው የለም።

እንዳላማው

*

ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት ፳፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለምወድዎ ለአያ እንዳላማው፤

ይህ ጾም በሰላም ይፈታልዎ፣ እኛንም ለፋሲካው በአንድ ማዕድ ባያደርሰን በአንድ ሐሳብ ያድርሰን። ደብዳቤዎን ሳነብ አለቃ ወልደ ሚካኤል «ምን ያስቅሻል?» ቢሉኝ «አንድ የድሮ ተሟጋች ነው» አልኳቸው። እንዲህ መዋሸት ጀመርኩልዎ።

ተዝካርዎ እጅግ ያማረ ነበር! አሥራ አንድ ጋን ጠላ፤ አንዱ ብቻ ኮምጥጧል። የታረደው ዳልቻው ነው፣ ቦራው ዛሬም ያርሳል። የማንጠግቦሽ ወንድም ከሁሉ አብልጦ አለቀሰ፤ ከሁሉ አብልጦም በላ። ቄሱ ስምዎን አልሳቱም። እኔ ከአስለቃሾቹ ጎን ነበርኩ፤ «የደምበጫ ዋርካ» ብለው ሲያሞግሱዎ ደምለው አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ምስኪን ሐዘን ጎድቶት ነው ብዬ አዘንኩለት።

የአባትዎንም አገኘሁ! በዘመነ ማቴዎስ ከጎረቤታቸው ጋር በንብ መንጋ ተሟግተዋል። ጎረቤትየው «ከቀፎዬ የወጣውን ንብ ወሰደብኝ» ይላል። አባትዎ ሲመልሱ፣ ቃል በቃል የቀዳሁት ነው፣ «ንቡ ወደ እኔ ግራር መጣ እንጂ እኔ አልጠራሁትም፤ የእሱን ቤት የጠላው ንቡ ነው፤ ንቡ ይከሰስ» ይላሉ። ከሥሩ ጸሐፊው «ዳኛውም ሳቁ» ብሎ ጽፏል። ሰባ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ዳኛው አሁንም ይስቃሉ። ቅጂው ከዚህ ጋር አለልዎ።

መሰረዙ ግን አይሆንልኝም። መዝገብ አይፋቅም፣ አይሰረዝም። ስሕተት ሲገኝ ከሥሩ አዲስ መስመር ይጻፋል፤ ያም የሚጻፈው ባለጉዳዩ ራሱ ቀርቦ ከመዝገቡ ፊት ሲቆም ነው። እርስዎ መጥተው ጣሊያኑ ሹም ፊት ይቆማሉ? አይቆሙም፤ አይቁሙ። ለማንጠግቦሽም አልነገርኳትም። በየካቲት የምስለኔው ሰው አገር ጥሎ የወጣ የአንድ ጎረቤቷን በሬዎች ሲነዳ አይቻለሁና እግሬ አልታዘዘኝም።

አሁን ደግሞ ሌላ መጣ። ከጉንደ ወይን አንድ ባለጸጋ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ማንጠግቦሽን ሊያገባ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል። ሰውየው ክፉ አይደለም ይሉታል። እሷ እሺም እንቢም አላለች። እሺ ካለች ውላቸው የሚገባው በእኔ መዝገብ ነው፤ የውሉም መሠረት እርስዎ ሞተዋል ብዬ የጻፍኩት መስመር ነው። አያ፣ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው መልስ ይላኩልኝ። ንገሪያት ካሉኝ በሬው ቢሄድም ይሂድ፣ እነግራታለሁ።

በየቀኑ የሀጀራን ሱቅ የማልፈው አቡጀዲ ፈልጌ እንዳይመስልዎ።

ያለምወርቅ

*

ገዳሪፍ፣ ግንቦት ፱ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ፤

የንቡን ሙግት ለስምንቱ ጓደኞቼ አነበብኩላቸው። ሳቁ። ከዚያ አንዱ «የእኔም አባት ተሟጋች ነበር» አለ። ይኸው የስምንቱን አባቶች ስም ጽፌልሻለሁ፤ የሚገኝ ካለ ፈልጊላቸው።

ስለ ማንጠግቦሽ ብዙ አሰብኩ። ያልኩሽን ተዪው። እንዳትነግሪያት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ይህ ነገር መቼ እንደሚያልቅ እኔ አላውቅም። ሰውየው ደህና ከሆነ ታግባው። ልጆቹ ርስታቸው ላይ ይደጉ። ከሞትኩ አይቀር የሚጠቅም ሞት ይሁን።

አንቺ ግን መጻፍሽን አትተዪ። ከዚያ አገር ወደ እኔ የሚመጣው ያንቺ ቃል ብቻ ነው።

እንዳላማው

*

ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ ፫ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ ለአያ እንዳላማው፤

የግንቦት ደብዳቤዎ ክረምቱን ሙሉ መንገድ ላይ ቆይቶ በጥቅምት መጨረሻ ደረሰኝ። አምስት ወር ሙሉ ከሱቁ ደጅ ስመላለስ ሀጀራ «ክረምት ነው እህቴ፣ ወንዙን እኔ አልሞላሁት» ስትለኝ ከርማለች።

ትእዛዝዎን አፍርሻለሁ። ይቅር ይበሉኝ። ሞትዎን ሳላውቅ ጻፍኩት፣ ሰው ነኝና ተሳሳትኩ፤ ጋብቻዋን ግን እያወቅሁ ልጽፈው አልችልም። ይህች እጅ ሌላ ሀብት የላትም። ስለዚህ በቅሎ ተከራይቼ በገበያ ቀን፣ ሰው ሲበዛ፣ ደምበጫ ወረድኩ።

ማንጠግቦሽ ከአውድማው ላይ ጤፍ ስታስወቃ አገኘኋት። ገና ከበቅሎ ሳልወርድ «ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተ።»

«ታዲያ አንቺ ሞት ሳይመጣ ከዚያ ጎተራሽ ትወጫለሽ?»

ወደ ክምሩ ጀርባ ወሰድኳት። «የምነግርሽ አለኝ፤ እንዳትጮኺ» አልኳት።

«የምችለውን ያህል ካቻምና ጮኼያለሁ። ተናገሪ።»

«አያ እንዳላማው በሕይወት አሉ።»

ከነጠላዋ ላይ ገለባ እየለቀመች ነበር። አላቆመችም። «እግራቸው ዳነ?» አለችኝ።

ይታይዎ! እኔ ስለ እግርዎ አንድ ቃል አልተናገርኩም። «ማን ነገረሽ?» አልኳት። ሳቀችብኝ፤ ከዚያ ስትስቅ እንባዋ መጣና ፊቷን ወደ ክምሩ አዞረች። ለካ ደምለው ጋሻውን ይዞ ሲመጣ በሰው ፊት «ወደቁ» ብሎ፣ በጓሮ ወስዶ «እግራቸውን ተመትተው ተሻግረዋል» ብሏታል። «ጥጆቹን እስካስር ድረስ አሰብኩበት» አለችኝ፤ «ጥጆቹን አስሬ ስጨርስ ጠጉሬን ላጨሁ። ሙት አይወረስም። ኋላ ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ፤ የሰጡኝን ስግደት እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም።»

«ለእኔ እንኳ አትነግሪኝም?» አልኳት።

«ላንቺ? እቴ፣ እያወቅሽ ብትጽፊው እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ ጣሊያን ፊደል ባያውቅ መንቀጥቀጥ አያውቅም? ሳታውቂ ጻፍሽው፤ አማረ።»

«የጉንደ ወይኑስ ሰውዬ?»

«ዓመት ሳይሞላ አላስብም አልኩት። ዓመቱ ሲሞላ ስለት አለብኝ አልኩት። ዘንድሮ ደግሞ ሌላ አይጠፋኝም።»

ደብዳቤዎችዎን ሁሉ በደረቴ ይዤ ነበር፤ አነበብኩላት። «ታግባው» ያሉት ዘንድ ስደርስ ድምፄ አነሰ። እሷ ግን «ይህ ሰውዬ ሙጫ ሲጠብቅ ልቡናው ተጣብቋል!» አለች። ከዚያ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳበች።

አያ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ዓመት ሙሉ እርስዎን በሕይወት የያዝኩዎ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። መንገድ ስሄድ፣ ሽሮዬን ስሠራ፣ በዚህ አገር እርስዎ መኖርዎን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ እያልኩ ነበር። እሷ ጥንቱንም ስታውቅ ኖራለች። ደስ አለኝ፣ በማርያም ደስ አለኝ፤ ግን ከቤቴ አንድ ሰው ጓዙን ይዞ የወጣ ያህል ተሰማኝ።

አንብቤ ስጨርስ አዝመራ ሰብሳቢዎቹ ሽምብራ ወደሚጠብሱበት እሳት አመለከተችኝ። «ጣዪው» አለችኝ። ባለፈው ወር ጣሊያኖቹ የአብዱልዋሂድን ጭነት ድንበር ላይ ፈትተው ጣቃውን በጩቤ ቀደውታል፤ የሀጀራንም ሱቅ ፈትሸዋል። አላህ ጠብቋቸው በዚያ ጉዞ ምንም አልነበረም።

«እኔ ወረቀት አላጠፋም» አልኳት። «ከእሳት የማወጣ ሰው ነኝ።»

«በመዝገብሽ ላይ ባሌ ምንድን ናቸው?»

«ሙት።»

«ታዲያ ሙት ይጽፋል?»

አንድ በአንድ ጣልኩት። እሷ አልነካችውም፤ እኔው ነኝ። የመጨረሻው የመስከረሙ ነበር፤ አልያዝ ብሎ ቆየ፣ ከዚያ ተያዘ።

ከስምንቱ አባቶች የአምስቱን አግኝቻለሁ፤ ቅጂው ከዚህ ጋር አለ። አንዱ ለደብር ደወል ያበረከቱ ናቸው። አንዱ በሐሰት ተከሰው በነጻ የወጡ ናቸው፤ ለልጃቸው ቀስ ብለው ያንብቡለት። ሦስቱን ግን በየአቁማዳው ፈልጌ አጣሁ፤ ስላልተገኙ አልነበሩም ማለት እንዳልሆነ ይንገሩልኝ።

ዘንድሮ የርስቱን መዝገብ ወደ አዲስ ደብተር እየገለበጥኩ ነው። በእኛ ሥራ በመስመር መካከል ባዶ ቦታ አይተውም፤ ሰው የፈለገውን እንዳያስገባበት ነው። ትናንት ከእርስዎ ስም ሥር ሁለት ጣት የሚያህል ትቼ አለፍኩ። አለቃ ወልደ ሚካኤል ሊያመሳክሩ መጥተው ጣታቸው እዚያ ላይ ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቀለም አልቆብኝ ነው» አልኳቸው። ቀለሙ ከፊታችን ሙሉ ነው።

ቀለሙንም እኔንም አዩ። «እንግዲያው ቀለም እስኪመጣ ይቆይ» አሉና ገጹን ገለጡት።

አገሩ ሲለቀቅ መጥተው ከዚያ ገጽ ፊት ይቁሙልኝ። ይህንንም አንብበው ያቃጥሉት፤ የጻፍኩትን አቃጥሉልኝ ብዬ ሰው ስለምን መጀመሪያዬ ነው። ከእንግዲህ በሱቁ ደጅ አላልፍም፣ በሌላ መንገድ እሄዳለሁ።

ማንጠግቦሽ «እግራቸውን በቅቤ ይሹት በዪልኝ» ብላለች። እኔ እጅግ ደህና ነኝ፤ ነገም ብዙ ባለጉዳይ አለብኝ።

መልስ አይጻፉልኝ።

ያለምወርቅ